ዶማ ወይስ ጎራዴ

ሐመልማል ከሶዶ ወደ ሁምቦ በመኪና እየተጓዘች ነው። እጮኛዋ ኤርካሎ መሪውን ይዞ በየመታጠፊያው ሰረቅ አድርጎ ያያታል፤ እሷ ዓይኗን ከመስኮቱ አትነቅልም። ሠርጓ በአንድ ራስ ቅል ላይ ተንጠልጥሏል።

ጉድ እኮ ነው፤ ሁለቱን ያገናኛቸውም አጥንት ነበር። እሷ በዩኒቨርሲቲ የሰውነት አካል ጥናት ታስተምራለች። አንድ ቀን የጥንት ግብፅ ወታደሮችን አጽም በፎቶ እያሳየች፣ ማን በቀስት፣ ማን በዱላ እንደወደቀ ስታስረዳ፣ የአዳራሹን ጣሪያ ሊያይ የመጣው መሐንዲስ ኤርካሎ ሥራውን ረስቶ ከተማሪዎቹ ጋር ቁጭ አለ።

«አንቺ ዘንድ ሙት እንኳ ሚስጥር የለውም» አላት ሲወጡ። ሳቀች። ከዚያ ወዲያ የሚለያቸው ጠፋ።

እስከ ትናንት። ትናንት ሁምቦ፣ በኤርካሎ ዘመዶች ግቢ፣ ለሙሽሮቹ ቤት መሠረት ሲቆፈር፣ መቃብሩ የጠፋው የኤርካሎ ቅድመ አያት የቦሼ አጽም ወጣ። በናስ አምባሩ አወቁት። ቦሼ በወባ ሞተ ሲባል ነው የኖረው፤ ራስ ቅሉ ግን ተሰንጥቋል።

«ተገድሎ ከሆነ ደም አለ» አሉ አጎቱ ጋሼ ቦልቴ። «የልጅቷ ቅድመ አያት በዚያ ጦርነት እዚሁ የዘመተ ወታደር ነበር። ደም ባለበት ጋብቻ የለም። አጥንት የምታውቀው ራሷ ሙሽራዋ አይደለች? እሷው መጥታ ትናገር።»

ግቢው በር ላይ ኤርካሎ ሞተሩን አጥፍቶ እጇን ያዘ።

«ሐምዬ፣ ቆፋሪው በዶማ መታው በይ። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«እኔን ካጣሽስ?»

እጇን አስለቅቃ ወረደች።

ዘመዶቹ ከበው ቆመዋል። አጽሙ የተዘረጋበት ሰሌን አጠገብ ተንበርክካ ራስ ቅሉን አነሳች። ትናንት ዶማ የሰበረው ቢሆን የስንጥቁ ጠርዝ ይነጣ ነበር። ይሄ እንደ ሌላው አጥንት ጠይሟል። ቁስሉ ድኖ ቢሆን ጠርዙ ይለዝብ ነበር፤ ይሄ እንደተሰነጠቀ ነው የቀረው። እነዚያ በምት የሞቱት ግብፆችም እንዲሁ ነበሩ። ስንጥቁ ደግሞ ከኋላ በኩል፣ ስለት እንዳለፈበት ቀጥ ያለ ነው።

«ዶማ ነው» ብትል ያበቃል። ግን እዚያ መሠረት ላይ በሚሠራ ቤት እንዴት እንቅልፍ ይወስዳታል?

«ጋሼ ቦልቴ፣ ወባ አይደለም። ዶማም አይደለም» አለች፣ እንባዋ እየቀደማት። «ከኋላ በጎራዴ ተመትተው ነው የሞቱት። ማን እንደመታቸው ግን አጥንቱ አይናገርም።»

ኤርካሎ ፊቱን አዞረ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ራስ ቅሉን ከእጇ ተቀበሉ።

«የገዳዩን ስም አልጠየቅኩሽም» አሉ ሰሌኑ ላይ እየመለሱት። «የማይታረቀው የተደበቀ ደም ነው። ይሄ ግን ወጣ። አባትሽ ከእኛ ጋር ለእርቅ ይቀመጣል? ከተቀመጠ ሠርጉ አለ።»

አሁን ጨነቃት። አባቷ አቶ ሀብተጊዮርጊስ የአያታቸውን ዘመቻ በኩራት የሚያወሩ፣ ለማንም አንገታቸውን የማይደፉ ሰው ናቸው። ደውላ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«አባዬ፣ ለእርቁስ?»

«እመጣለሁ» አሉ፣ ድምፃቸው ሰልሎ። «እኔም አፈር ላልብሳቸው። ሳልደርስ እንዳይቀብሯቸው በያቸው።»

ጆሮውን ከስልኩ አስጠግቶ የቆመው ኤርካሎ ግንባሯን ሳማት፤ ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ አባቷን ሊያመጣ ወጣ።