ከማዶው ጣሪያ የታየ ሞት

ኢንጂነሩ ከአዲሱ ሕንፃ ጣሪያ ወድቆ የሞተው የመሥሪያ ቤቱን ሁለት ሕንፃዎች ያለ ገመድ የሚያገናኘውን ዲሽ ሲያስተካክል ነበር። የደህንነት ቀበቶው ወገቡ ላይ እንደታሰረ ነው፤ መንጠቆው ግን ከጣሪያው ብረት ተላቅቋል።

«ራሱ ፈታው ልትሉኝ ነው?» አለች እህቱ። «ያ ሠራተኛው ከአንቴና ማማ ላይ ወድቆ ከሞተበት ወዲህ ወንድሜ ሳይጠነቀቅ ወንበር ላይ እንኳ አይወጣም። ገዳዩን ሳታሳዩኝ አፈር አላለብሰውም።»

መርማሪዋ ሥራ አስኪያጁን ጠየቀችው።

«ሟች ከራሱ ምክትል ጋር ተጣልቶ ነበር» አለ። «ለዲሹ ምልክት ማስተላለፊያ ርካሹን ሬዲዮ መረጠ። ምክትሉ ‹ዝናብ ሲጥል ምልክቱ ይጠፋል፣ ደህናውን እንግዛ› ብሎ ተሟገተ። እኔ ለሟች ፈረድኩ። ግን ለሬዲዮ ሰው ይገደላል?»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ምድር ቤት፣ ከጸሐፊዬ ጋር የምልክቱን ጥንካሬ የሚያሳየውን ቁጥር ኮምፒውተር ላይ እያየን። ንቅንቅ አላለም።»

ምክትሉ አጭር መልስ ሰጠ። «አሮጌው ሕንፃ ጣሪያ ላይ ነበርኩ። በየጣሪያችን ያለውን ዲሽ የምናዞረው በየተራ ነው፤ ተራው የኔ ስለነበር እሱ የራሱን ሳይነካ ይጠብቃል። ዲሹን እያዞርኩ ሳለ መንጠቆውን ሲፈታ በዓይኔ አየሁት።»

መርማሪዋ አሮጌው ጣሪያ ላይ ወጥታ ማዶውን ስታይ ቆየች። ከዚያ የሟችን እህት ጨምሮ ሁሉንም ስብሰባ አዳራሽ ጠራች።

«የአዲሱ ሕንፃ ዲሽ በረጅም ምሰሶ ላይ ስለሆነ ከአሮጌው ጣሪያ ይታያል» አለች። «ሟች የቆመበት ጠርዝ ግን ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ነው። መንጠቆ ቀርቶ ሰውም አይታይም።»

«ትንሽ ታየኝ እንግዲህ» አለ ምክትሉ።

«እሺ። ዲሽ ሲዞር የምልክቱ ቁጥር ይለዋወጣል፤ እያዞርክ ከነበረ ለምን አልተነቃነቀም? አሮጌው ጣሪያ ላይ ሰው አልነበረማ። መንጠቆው ሲፈታ ያየኸው አጠገቡ ስለነበርክ ነው።»

«በሬዲዮ ቂም?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ከማማ የወደቀው ሠራተኛና ምክትሉ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አባታቸው ስለሚለያይ እዚህ ማንም አላወቀም። የሠፈራቸው ሰው ግን ያውቃል።»

ምክትሉ መካድ ሰለቸው። «ወንድሜን ያለ ቀበቶ ነው የላከው፣ ‹ቶሎ ውጣ› ብሎ። እኔ ግን መንጠቆውን የፈታሁት ቀበቶውን እስኪያስር ጠብቄ ነው። ከእሱ እሻላለሁ።»

እህትየው ተነሳች። «እናትህ አለች?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ሰበረ። «አለች።»

«ፖሊስ እንዳይነግራት» አለች ወደ መርማሪዋ ዞራ። «ወንድሜን ቀብሬ እኔው እሄዳለሁ። ስትሰማ ፊቷን ማየት እፈልጋለሁ።»