የጥሪ ካርዱ ጀርባ

ሌላው ሰው ጠዋት ጠዋት ዶሮውን እንደሚፈታ፣ ጋሽ ዘርጋው ካርታዎቹን ይጎበኛል። ቁርሱን በልቶ፣ አፉን ተጉመጥምጦ፣ አሮጌ ፍላኔሉን ከሚስማሩ ያወርድና ከቤቱ ጀርባ ወደተለጠፈችው ክፍል ገብቶ ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ እየወለወለ ያልፋል። ቤቱ ከደሴ ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው ኮረብታ ላይ ነው፤ በበልግ ጉሙ ከጦሳ ይወርድና የክፍሏን አንድ ጠባብ መስኮት ይደፍነዋል። ያን ጊዜ ረፋድ ላይ እንኳ ውስጧ እንደ ጎተራ ይጨልማል፤ ሙጫና ካርቶን፣ እርጥብ ግድግዳና የቆየ ቀለም ይሸታል፤ ከቆርቆሮው የሚወርደው ጠብታ ውጭ ያለው በርሜል ላይ አንድ፣ ሁለት እያለ ሲወድቅ ይሰማል። መብራት አንድ ቀን ይመጣል፣ ሦስት ቀን ይሄዳል። ዘርጋው ግን ካርታዎቹን ግማሽ በዓይኑ ግማሽ በጣቱ ስለሚያያቸው ግድ የለውም።

ትክክለኛ ካርታ አይወድም። ቀጥ ያለ መስመርና ቁጥር ብቻ ያለበት ካርታ ለእሱ የመታወቂያ ፎቶ ነው፤ ሰውየው ነው፣ ግን ሰውየው አይደለም። ግድግዳው ላይ ጦሳ ተራራ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ሆኖ ከተማይቱ ጭኑ ላይ የተኛችበት አለ። ከኋላዋ የምትታይ ሴት ሹሩባ ሆኖ እያንዳንዱ ጉንጉን አንድ ሰፈር የሆነበት አለ። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ከሚሌ እስከ ደሴ ያለውን መንገድ የሲጋራ ካርቶን ላይ ስሎ፣ ከተሞቹን ሁሉ ትቶ ሻይ ቤትና ጎሚስታ ብቻ ያስቀመጠበት አለ፤ ዘርጋው ያንን በአዲስ ጃኬት ነው የለወጠው፤ ጃኬቱም የሚስቱ ስጦታ ነበር። የሰፈሩ ውሾች ካርታም አለ፤ ውሻው ሁሉ በስሙ ተጽፎ፣ የሚጮህበት ክልል በቀይ ተከቦ። እሱን ለመሥራት አንድ ዓመትና ሁለት ሱሪ ፈጅቶበታል።

የሚተዳደረው ሰሌዳ በመጻፍና ለማተሚያ ቤት የሰርግ ጥሪ ካርድ በመሥራት ነበር። ካርዱ ጀርባ ላይ ወደ ሰርጉ ቤት የሚወስድ ትንሽ ካርታ ይደረጋል፤ ማንም አያየውም፤ ያገር ሰው መንገድ የሚጠይቀው በአፉ ነው። ዘርጋው ግን ያቺን መዳፍ የምታህል ባዶ ቦታ እንደ ቤተ መቅደስ ጣሪያ ነበር የሚሥላት። ጎረቤቱ እትዬ ዘይነባ የእሱን ካርታ የተከተለ ሰው ሰርጉ ባይደርስም ደስ ብሎት ይጠፋል ትል ነበር። ዘርጋውም ቀልዱን ለሰው ሁሉ ይደግመው ነበር፤ ድሮ።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት፣ አንድ ልጁ ትርንጎ አገባች። የእሷን ካርድ ሲሠራ ወንዙን ድሪ አደረገው፤ የኮረብታው አንገት ላይ ተጠምጥሞ የሚያበራ ድሪ፤ ድልድዩን ደግሞ የድሪው ጉልላት። ችግሩ ከወንዙ በፊት መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ በግራ ወደ አዲሱ ድልድይ፣ በቀኝ ጎርፍ መሐሉን ወደወሰደው ወደ ጣሊያኑ ድልድይ። መገንጠያውን አራት ጊዜ ሣለው፣ አራት ጊዜም ድሪው የተበጠሰ መሰለ። ተወው። አንድ መንገድ፣ ለዓይን ደስ እንዲል ወደ ቀኝ የታጠፈ፣ አንድ ድልድይ። ማን ያየዋል ብሎ ነው፤ ልክም ነበር። ከስድስት መቶ ካርድ ያንን ካርታ የፈለገው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያጌጠውን መኪና ይዞ ከወልዲያ የመጣው ሹፌር።

ትርንጎ በማለዳ ከተማ ወርዳ ፀጉሯን ተሠርታ ወደ ቤት ልትመለስ ስትል ጉሙ የመኪናውን አፍንጫ እንኳ አያሳይም ነበር። ደወለች። «አባዬ፣ ሹፌሩ አገሩን አያውቀውም፤ እኔም ምንም አይታየኝ፤ በአንተ ካርታ ነው የምንመጣው» አለችና ሳቀች። ዘርጋው ዳሱ ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ እየዞረ ነገረ። መኪናው ወደ ቀኝ ታጥፎ ከጣሊያኑ ድልድይ ወንዝ ገባ። ዳሱን ማፍረስ አላስፈለገም፤ ለቅሶ ተቀመጡበት።

ሚስቱ አስካለ ከዚያ ወዲህ ስለ ካርዱ አንዲት ቃል ተናግራ አታውቅም። ምግቡን ታቀርባለች፣ ጤናውን ትጠይቃለች፣ ጋቢውን ታጥባለች። እሱ ብትሰድበው ይመርጥ ነበር።

ዘንድሮ በመጋቢት መጀመሪያ፣ ጦሳ ሽማግሌ በሆነበት ካርታ ላይ አንድ መስመር አየ። እንደ ክር የቀጠነ፣ ቡናማ፣ ከጣሊያኑ ድልድይ ጀምሮ ሁለት ጣት ያህል የሄደ። እርጥበት ነው ብሎ በፍላኔሉ ነካው፤ ጨርቁን ሲያሸተው ደለል ደለል አለው፣ ወንዝ ዳር ተጥሎ የቆየ የሱፍ ልብስ ዓይነት ሽታ። በማግስቱ መስመሩ ረዘመ። መገንጠያው ጋ ሲደርስ ወፈር ብሎ ቆሞ ነበር። እርጥበት መንገድ ሲከፈልበት ቆሞ አያስብም።

በሳምንቱ ሁሉም ካርታዎች ላይ ወጣ፤ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ፣ በየካርታው እንደየካርታው መንገድ እየሳተ። ሹሩባው ላይ አንዱን ጉንጉን ይዞ እስከ ማጅራቷ ወርዶ ተመልሶ ወጣ፤ አራት ቀን እዚያው ዞረ። ሽማግሌው ላይ የጋቢውን እጥፋት መንገድ መስሎት ተከትሎ ጢሙ ውስጥ ገባ። ሲጋራ ካርቶኑ ላይ በየሻይ ቤቱ ቆመ። የውሾቹ ካርታ ላይ ቀዩ ክብ ጫፍ ሲደርስ ይቆምና ወደ ኋላ ይላል፣ ዞሮ ሌላ ይሞክራል፣ እንደገና ወደ ኋላ ይላል፤ ወረቀቱ እዚያ እዚያ ላይ እንደ ላብ ወዝቷል።

ዘርጋው ፍላኔሉን እንደያዘ መሬት ላይ ተቀመጠ። ዝናብ መጣ እንደሚል ሰው በለሆሳስ «ትርንጎ ናት» አለ። ልጁ ወደ ቤት እየመጣች ነው፤ እሱ ሠላሳ ዓመት የተደሰተበት ነገር ሁሉ ደግሞ እግሯ ሥር እሾህ ሆኖባታል።

ለአስካለ ሊነግራት አልቻለም፤ ይህን መናገር ካርዱን መናገር ነው። የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እውነተኛ ካርታ ሠርቶ ልጁን ቤቷ ማስገባት።

ሃያ ሜትር ገመድ ይዞ መንገዱን በእግሩ ለካ። እትዬ ዘይነባ በጉሙ ውስጥ መገንጠያው ላይ ተንበርክኮ አገኘችውና የጠፋበት ነገር እንዳለ ጠየቀችው። አዎ አላት። ምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ የገመዱን ሌላ ጫፍ አንሥታ ያዘችለት፤ ሲለኩ ቆይተውም ስለ ሽንኩርት ዋጋ እያወራች ቤቱ ድረስ ሸኘችው። ጣሊያኑ ድልድይ ጋ ግን ብቻውን ነው የሄደው። ታች ውኃው አይታይም፣ ይሰማል፤ ከውኃው ድምፅ መሐል ደግሞ በየጊዜው አንድ የታፈነ ድም የሚል ነገር ነበር፣ የመኪና በር ቀስ ብሎ ተከፍቶ ቀስ ብሎ የሚዘጋ ዓይነት። ገመዱን ሳይጠቀልል ጎትቶት ተመለሰ።

ካርታውን በማስመሪያና በጥቁር ቀለም ሠራው። መገንጠያውን ከነሁለት ክንፉ አስቀመጠ፤ አሮጌው ድልድይ ላይ ቀይ መስቀል አደረገ፤ ከዚያ አቀበቱን፣ አጥሩን፣ በሩን። በሕይወቱ የሠራው የመጀመሪያው አስቀያሚ ካርታ ነበር። ሲጨርሰው ሳመው፤ ግድግዳው ላይም ከሁሉ በላይ ሰቀለው።

በማግስቱ መስመሩ እዚያም ወጥቶ ነበር፤ መገንጠያው ጋ ቆመ፣ ወደ ግራ ታጠፈ፣ ከዚያ ቀጥ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ውሾች ዝም ይሉ ጀመር። ሌላ ሰው ልብ አይለውም ይሆናል፤ ዘርጋው ግን የትኛው ውሻ የት እንደሚጮህ በቃሉ ያውቃል። ሰኞ ወፍጮ ቤቱ ጋ ያለው ቡቺ መጮህ ተወ። ማክሰኞ የቄሱ ውሻ ጃሎ። ረቡዕ ሁለቱ የዘይነባ ቡችሎች። አልሞቱም፤ ጆሯቸውን አጣጥፈው እንጨት ክምር ሥር ይተኛሉ። ዝምታው በቀን በቀን አቀበቱን እየወጣ ነበር። የሳሎኑ ሲሚንቶ ወዛ፤ የደለሉ ሽታ አልጋ ልብሱ ውስጥ ገባ።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነው። ጠዋት ጠዋት የመስመሩ ጫፍ ፍቅፍቅ ብሎ፣ ወረቀቱ ሻክሮ፣ ትናንት ከነበረበት ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሶ ያገኘዋል፤ ወለሉ ላይ ደግሞ የዳቦ ፍርፋሪ አለ። አይጥ ነው ብሎ ወጥመድ አጠመደ። የተያዘ የለም።

ቅዳሜ ቁርሱን ሳይጨርስ ገባ። አስካለ ወንበር ላይ ቆማ፣ የዳቦ ልብ በጣቶቿ አድበልብላ፣ እሱ ራሱ ድሮ የእርሳስ ስህተት ማጥፋት እንዳስተማራት አድርጋ፣ መስመሩን ከአጥሩ አጠገብ እየፈገፈገች ነበር። አልደነገጠችም።

«ልጅሽ ናት እኮ» አላት። «ልጅሽን ነው የምታጠፊያት።»

«ልጄን አጥቤ የገነዝኳት እኔ ነኝ» አለች ከወንበሩ ሳትወርድ። «አንተን ሰው ደግፎህ ነበር። መቃብሯ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው፤ እሁድ እሁድ እሄዳለሁ። ከወንዝ የሚወጣው እሷ አይደለችም።»

«ማነው ታዲያ?»

«ያልተገኘው ነዋ።»

ዘርጋው ነገሩ ቆይቶ ነው የገባው። ሹፌሩ። ውኃው እሱን አልመለሰውም፤ አሥራ አንድ ቀን ፈልገው ተዉት። ወንድሞቹ ከወልዲያ መጥተው ዳሱ ጫፍ ላይ አንድ ቀን ተቀምጠው ሄዱ፤ እጃቸውን መጨበጡን እንኳ አያስታውስም። በሦስት ዓመት ውስጥ ስለዚያ ሰው አንድ ጊዜ አስቦ አያውቅም። ስሙን ፈለገ፤ የለውም።

አስካለ ወርዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር፤ ቤቷን ለብቻዋ ስትጠብቅ የኖረች ሰው ድምፅ።

«ይሄ ደግሞ ሁለተኛው ነው» አለች። «በመጀመሪያው ዓመት ከአርባዋ በኋላ አንድ መጥቶ ነበር። አንተ ያኔ እዚህ አትገባም ነበር። ቀጭን ነው፣ በመርፌ የተጫረ የሚመስል። እንደዚህኛው አይደናበርም። ሹሩባውን አልዞረውም፤ ውሾቹ ጋ አልቆመም፤ በየካርታው ቀጥ ብሎ እስከ አጥራችን። ሰባት ጠዋት አጠፋሁት። በስምንተኛው ቀረ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በር ትከፍታለህ ብዬ።»

የዘርጋው ዓይን ወደ ውሾቹ ካርታ ሄደ። ግማሾቹን ትርንጎ ናት በፍርፋሪ ያሳደገቻቸው፤ ከሩቅ ኮቴዋን ሲሰሙ ጭራቸውን ይቆሉላት ነበር። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። ከዚያ የሚስቱን ፊት አየ፤ በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ ለዚህ ቤት አደረግሁ የምትለው አንድ ነገር ይህ ብቻ እንደሆነ አየ፤ አፉን መልሶ ዘጋ።

መስኮቱ ሥር የታሰረው የራሳቸው ውሻ ይጮህ ነበር። ጩኸቱን በመሐል ቆረጠ። የበርሜሉ ጠብታ ብቻ ቀረ፤ እሱም ትንሽ ቆይቶ የቀረ መሰላቸው።

የፊት ለፊቱ በር ሦስት ጊዜ ተንኳኳ፤ በቀስታ፣ የሰው ቤት እንደሚያንኳኳ ጨዋ እንግዳ።

አስካለ የጋቢውን ጫፍ ያዘችው። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀና ሄደ። ለማን እንደሚከፍት ያውቃል፤ ስሙን ሊጠይቀው ነበር ያሰበው፤ ቢያንስ ስሙን። መወርወሪያውን ሳበ። ጉሙ ደፉን ተሻግሮ ገባ፣ ደለሉም ከጉሙ ጋር። ቀና ብሎ ፊት ለማየት አልደፈረም፤ ያየው ጥቁር ጫማ፣ እንደ ተተኮሰ የቆየ የሱሪ መስመር፣ ከሱሪው ጫፍ ሲሚንቶው ላይ የሚንጠባጠብ ቡናማ ውኃ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፤ እኔ አገሩን ስለማላውቀው ዘገየሁ» አለ ሰውየው፣ በትሕትና፣ ውኃ በሞላው ጉሮሮ፤ «ልጅቷን ግን ቤቷ ስለሆነ ያኔውኑ ቀድመሽኝ ሂጂ ብያት ነበር፤ በሰላም ገባች?»