መብራት ሲጠፋ ያልጠፋው ኮምፒውተር

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ አላምንም። ይህን ቀድሜ የምናገረው፣ ታሪኩን ላወራ አፌን በከፈትኩ ቁጥር “አንተም ጀመረህ?” የሚል ፊት ማየት ስለሰለቸኝ ነው። እንጅባራ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ፣ ማሽን ሲበላሽ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱም ይገኛል፣ ካልተገኘም ፈላጊው ሰንፎ ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ዘንገና ሐይቅ ዳር የሆነ ድምፅ ይሰማል ብለው ሲያወሩኝ “እንቁራሪት ነው” ብዬ የሰውን ወሬ የማበላሽ ክፉ ነኝ፣ እመኑኝ።

ሌላም አመል አለብኝ፣ ሊኑክስ እወዳለሁ። ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር፣ ሊኑክስ ልክ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን አስነስቶ የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ነው፣ ልዩነቱ የተሠራበት ኮድ ለዓለም ሁሉ ክፍት መሆኑ ነው፣ የፈለገ ገልጦ ያነበዋል፣ ያልጣመውን ያስተካክለዋል፣ ለጎረቤቱም ያካፍለዋል። ሠርግ ቤት ተቀምጬ ስለ እሱ ሳወራ ሙሽራው ራሱ መጥቶ ያስቆመኝ ጊዜ አለ። ምን ላድርግ፣ ስለ እሱ ሳወራ ደሜ ይሞቃል።

በዚህ ጉዳይ የዘወትር ተከራካሪዬ ኑሩ ነው። ኑሩ ገበያው አጠገብ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለው፣ ጓደኛዬ ነው፣ እጁም ወርቅ ነው፣ ግን በዊንዶውስ የመጣበት ሰው ጠላቱ ነው። “ያ ነጻ ነገርህ ነጻ የሆነው ማንም ስላልፈለገው ነው” ይለኛል። እኔም “ያንተስ ተገዝቶ ነው? ክራኩን፣ የተሰረቀውን ቅጂ አይደል የምትጭነው?” እለዋለሁ። “እኔ ሕዝብ የለመደውን ነው የምሰጠው። አንተ ለዚያ ቢሮ ሊኑክስ ጫንክላቸውና ደብዳቤው ሲከፈት ፊርማው ብቻውን ሁለተኛ ገጽ ላይ ወርዶ አልተገኘም?” ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ወርዷል። እኔ ደግሞ ፍላሽ በነካ ቁጥር ስለሚራባው ቫይረስ አነሳበታለሁ፣ እንዲህ ስንባባል ይመሻል።

አንድ የአገራችንን ልማድ ግን እዚህ ላይ ማወቅ አለባችሁ። እኛ ዘንድ ፎርማት የበሽታ ሁሉ መድኃኒት ነው። ኮምፒውተሩ ዘገየ? ፎርማት። ድምፅ እምቢ አለ? ፎርማት። ሰው ሁሉ ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚናገረው “ፎርማት አርግልኝ” ነው፣ ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፣ የሚነግርም የለም።

ነገሩ የሆነው በሐምሌ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። እንጅባራ በሐምሌ እንዴት እንደምትሆን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ጉሙ ደጃፍ ድረስ ይገባል፣ ባጃጆች በቀን መብራት አብርተው ይሄዳሉ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው የሚነጋገረው እየተጯጯኸ ነው። ትምህርት ተዘግቷል፣ ሥራ የለኝም፣ ኑሩን ላናድደው ብዬ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ስገባ ጋሼ ዘለቀ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ በጋቢና በላስቲክ ተጠቅልሎ የመጣው ኮምፒውተራቸው ጠረጴዛው ላይ ተሰክቷል፣ የኑሩ ጣት ደግሞ ኪቦርዱ ላይ ነው።

ጋሼ ዘለቀ ሦስተኛ ክፍል ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፣ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ጉልበታቸውን ስሜ ልነሣ ስል ወደ ስክሪኑ ዓይኔን ጣል አደረግሁ፣ “በዚህ ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ይቀጥል?” የሚለው ማስጠንቀቂያ ወጥቷል። የቀረው አንዲት ቁልፍ መጫን ነው።

“ጋሼ፣ ውስጡ ያለውን ሌላ ቦታ አስቀምጠውታል?” አልኳቸው።

“ምኑን?”

“ያለውን ነገር ሁሉ። ፎርማት ሲደረግ እኮ ይጠፋል።”

“አይ ልጄ፣ የሚጠፋውማ ቆሻሻው ነው። የእታለም ድምፅ ነው እኮ ያለው፣ እሱን ምን ያገኘዋል?”

ኑሩ ጣቱን ከእሳት ላይ እንደሚያነሳ ሰው አነሳ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት፣ “ፎርማት አርግልኝ ብለውኝ ነው እኮ፣ ወላሂ ምንም አለበት አላሉኝም” አለ፣ እውነቱን ነው፣ እሳቸውም አልዋሹም፣ ሁለቱም እንደ አገሩ ልማድ ነው ያደረጉት።

እታለም የሚሏት ታላቅ እኅታቸውን ነው። ጥርባ አካባቢ ነበረች የምትኖረው፣ የዚያን አገር ዛፍና ቅጠል ሁሉ በአዊኛ ስሙን የምታውቅ ሴት ነበረች፣ ጋሼም ለልጆች መጽሐፍ እሠራለሁ ብለው ለዓመታት እየተመላለሱ ድምፅዋን በስልክ ቀድተው ወደ ኮምፒውተሩ ሲያስገቡ ኖሩ። አቀዳዳቸው ሁሌም አንድ ነው፣ እሷ ስሙን ትጠራለች፣ ዝም ትላለች፣ እሳቸው ይደግማሉ፣ ከተሳሳቱ ምላሷን ጠቅ አድርጋ ታርማቸዋለች። ባለፈው ጥቅምት አረፈች። ስልኩም ተሰብሯል። “መጽሐፉ ይቅር፣ ስሙን በደብተር ይዤዋለሁ፣ ድምፅዋ ግን ከዚህ ሌላ የትም የለም” አሉ።

ኑሩ ጆሮውን ኮምፒውተሩ ላይ አስጠግቶ አዳመጠ። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። “ይሄ ዲስክ እየሞተ ነው። ዊንዶውሱ አይነሳም፣ ምናልባት ዛሬ የመጨረሻው ነው” አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና “በል እስቲ፣ የምትሰብክለትን አሳየን” አለኝ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም! ሊኑክስ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሽ ላይ ብቻ ይነሳል፣ ፍላሹ ደግሞ ከኪሴ ጠፍቶ አያውቅም። ሰካሁት፣ ተነሣ፣ የታመመውን ዲስክ እንዲያነብብ ብቻ እንጂ እንዲጽፍበት ሳልፈቅድ ከፈትኩት፣ አንድ ሁለት ጊዜ እምቢ አለ፣ በሦስተኛው “እታለም” የሚል ፎልደር ብቅ አለ። ጮኽኩ! ኑሩም ጮኸ፣ ጋሼ ደግሞ ቆባቸውን አውልቀው ስክሪኑን ሊስሙት ምንም አልቀራቸውም። ከቦርሳዬ የራሴን ኤክስተርናል ዲስክ፣ ያን ከውጭ የሚሰካውን፣ አውጥቼ ሰካሁና ኮፒውን ጀመርኩ።

“እስቲ አንዱን አሰማኝ” አሉኝ ጋሼ። አልተቻለም። ስፒከር የለም፣ ደግሞም ሊኑክሱ የዚያን ኮምፒውተር የድምፅ ካርድ አላወቀውም፣ የድምፅ ምልክቷ ላይ መስቀል ተደርጎባታል። ኑሩ ዕድሉን አላሳለፈም፣ “ይኸው፣ ሊኑክስህ ዲዳ ነው” ብሎ ሳቀብኝ። ጋሼን “ይቆዩ፣ ሌላ ማሽን ላይ እናሰማዎታለን” አልኳቸው፣ ኮፒው እንደ ኤሊ ነው የሚሄደው፣ ግን ይሄዳል።

የዐሱር አዛን ጀመረ። ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ እየተሰማ እያለ መሀል ላይ ቁርጥ አለ፣ የጎረቤት ጁስ ቤት ፍሪጅ ጸጥ አለ፣ ፎቶ ኮፒው ጠፋ፣ የከተማው ሰው ሁሉ በአንድ አፍ “ሄደ!” አለ። እኔ ጭንቅላቴን ይዤ ቁጭ አልኩ። የሚሞት ዲስክ በሥራ መሀል መብራት ሲጠፋበት ዳግም አይነሳም፣ አለቀ፣ ጋሼን በምን ዓይኔ ልያቸው?

“ይበልጣል” አለኝ ኑሩ በስሜ ጠርቶ፣ በጣም ቀስ ብሎ። “ስክሪኑ።”

ስክሪኑ በርቷል። ኮፒው እየሄደ ነው።

ወዳጆቼ፣ እኔ የመጀመሪያ ሥራዬ ገመድ ማየት ነው። አየሁ። የኮምፒውተሩም የስክሪኑም ገመድ አንድ ማከፋፈያ ላይ ነው የተሰካው፣ የማከፋፈያው ቀይ መብራት ጠፍቷል፣ ማከፋፈያው ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ሌላ የትም አልተሰካም፣ ባትሪ የለ፣ ጄኔሬተር የለ። እጄን የኮምፒውተሩ ጀርባ ላይ አደረግሁ፣ ማራገቢያው አይዞርም። ያ የዲስኩ ቀጭ ቀጭም ቆሟል። ያ ሁሉ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ እየወረደ ሱቋ ውስጥ ግን ጸጥ ያለ መሰለኝ፣ ይህን እንዴት እንደማስረዳችሁ አላውቅም።

ከዚያ ሴት ተናገረች።

አንድ ቃል ነው፣ በአዊኛ። የወጣው ከኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፣ ስፒከር ከሌለው ኮምፒውተር። እኔ ከተማ ያደግሁ ስለሆነ ከሰላምታ ያለፈ አዊኛ የለኝም፣ ጆሮዬ ላይ የቀረውን ብጽፈው የሚችሉት ይስቁብኛል፣ ስለዚህ አልጽፈውም። የአሮጊት ሴት ድምፅ ነው፣ ትንሽ ሻከር ያለ፣ የተረጋጋ። ተናገረችና ዝም አለች። ኑሩ “ቢስሚላህ” ብሎ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ጋሼ ዘለቀ ግን፣ ይህን ነው የማልረሳው፣ አልደነገጡም፣ በርጩማቸውን ሳብ አድርገው ተጠጉና ቃሉን ደገሙ።

ሌላ ቃል መጣ። ደገሙ። ሌላም መጣ፣ ደገሙ፣ ሲሳሳቱ ምላስ ጠቅ ስትል ሰማን፣ አስተካክለው ደገሙ። እኔ በዚያ ሰዓት ፍርሃትም አልነበረኝም፣ ሰውነቴ በሙሉ ደስታ በደስታ ሆኗል፣ ደግሞም በሆዴ “ይህ የተቀዳው ነው፣ እንደምንም ካርዱ ሠርቶ ነው” እያልኩ ነበር። ግን የተቀዳ ድምፅ ሰው እስኪደግም እንዴት ይጠብቃል? አንዱን ጋሼ ቶሎ ደገሙት፣ ቶሎ ቀጠለች። አንዱ ላይ ሳል ያዛቸው፣ ሳሉን እስኪጨርሱ ዝም አለች።

መጨረሻ ላይ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። ስም አይደለም፣ ጥያቄ ነው፣ አዊኛ ባልችልም ጥያቄ መሆኑን ከአነጋገሩ አውቄዋለሁ። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ አፋቸውን ኮምፒውተሩ ላይ አስጠግተው፣ በሹክሹክታ መለሱላት፣ ትንሽ ቆዩና ደግመው ተናገሩ፣ ምን እንዳሉ ዝናቡ ዋጠው። ስክሪኑ ላይ ኮፒው ሞላ። ሁሉም ነገር ጠፋ።

መብራት የመጣው ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ነው። ያ ሃርድ ዲስክ ከዚያ በኋላ አልተነሣም፣ ኑሩም ሞከረ፣ እኔም ሞከርኩ፣ ሬሳ ነው። የእኔ ዲስክ ላይ ግን የእታለም ፎልደር ሙሉውን አለ፣ አንድ ፋይል አልጎደለም፣ የመጨረሻዎቹ ፋይሎች የተጻፉበት ሰዓትም አዛኑ ከተቋረጠ በኋላ ነው። ቤቴ ወስጄ ሁሉንም አንድ በአንድ አዳመጥኳቸው፣ ስንት ቀን እንደፈጀብኝ አትጠይቁኝ። ያን ጥያቄ የመሰለ ንግግር በአንዱም ውስጥ የለም። በአንዱም ውስጥ ጋሼ አይስሉም።

ኢንተርኔት ላይ ለሊኑክስ ሰዎች ጻፍኩላቸው፣ አንዱ “ኮምፒውተር መብራት ሲቋረጥበት ለዓይን ጥቅሻ ያህል ይቆያል” አለኝ፣ ሌላው “ሰዓቱ ተሳስቶ ይሆናል” አለኝ፣ ሦስተኛው የሳቅ ምልክት ላከልኝ። ኮዱ ክፍት ነው አይደል? ገባሁ፣ ኮፒ የሚያደርገውን ክፍል አነበብኩ፣ የቻልኩትን ያህል አነበብኩ፣ እንዲህ የሚያደርግ ነገር የለም። ኑሩ ደግሞ ጭራሽ ተገልብጧል፣ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ “ሊኑክስ ልጫንልህ፣ መብራት ሲጠፋም ይሠራል” እያለ የማያውቀውን ይዋሻል፣ ክርክራችን ቀርቶ አሁን እሱን የማስተባብለው እኔ ሆኛለሁ።

ዝናቡ ካለፈ በኋላ በመስከረም ጋሼ ዘለቀን ልጠይቃቸው ዳንግላ ልጃቸው ቤት ሄድኩ። የድምፁን ሁለት ቅጂ ይዤላቸው ነው የሄድኩት፣ በጣም ደስ አላቸው፣ መረቁኝ። ከዚያ ከዚህ ተጫወትንና ልነሣ ስል አላስችል አለኝ፣ “ጋሼ፣ ያን ዕለት መጨረሻ ላይ ምን ብላ ነው የጠየቀችዎት?” አልኳቸው።

ጋቢያቸውን አስተካከሉ። “‘ማነው የቀሰቀሰኝ?’ ነው ያለችኝ” አሉ።

“እርስዎስ ምን አሏት?”

“ስምህን ነገርኳት፣ ከነአባትህ” አሉኝ፣ ደግ ነገር እንደሠራልህ ሰው ፈገግ ብለው። “መጀመሪያ አልያዘችውም፣ ደግሜ ነገርኳት።”