ከግራ ጆሮ ጀርባ ያለች ጥቁር ነጥብ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት የሐሰት ቃል ከተገኘችበት፣ የዚህ ጸሐፊ ጢም በካናዳዋ ብራምፕተን ከተማ ሳሎኖች ሁሉ ትኩስ ሰም እየተቀባ በየተራ ይነቀል!

ቅዳሜ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ቻራንጂት ካውር በፕራብሊን የውበት ሳሎን ውስጥ ሞቱ። ቅንድባቸው አዲስ ቀለም ተቀብቶ ጠቁሯል፤ ከንፈራቸውና የዓይን ቆባቸው አብጧል። አምቡላንሱ የደረሰው ትንፋሻቸው ከቆመ በኋላ ነበር።

ከተማውን ያናወጠው ግን ሞቱ ብቻ አልነበረም። ሴትዮዋ የሲክ ሃይማኖትን ቅዱስ ውሃ፣ አምሪትን፣ ጠጥተው፣ ከገላቸው አንዲት ፀጉር ላይነኩ ቃል ከገቡ ሠላሳ ዓመታቸው ነው። በቤተ ጸሎቱ ወጥ ቤት ቅንድቧን ያስነቀለች ልጃገረድ ካዩ ሽንኩርቱን ጥለው የሚገሥጹ እሳቸው ነበሩ። ታዲያ ሳሎን ውስጥ ምን ይሠራሉ? እስከ ምሳ ሰዓት አርባ ሺህ ስልክ ጮኸ፤ ቢያንስ።

ኢንስፔክተር ጃስዊር ቲዋና ተጠራች። በመቶ አርባ ምርመራ አንድም ጊዜ ያልተሳሳተች፣ ቅንድብ አይታ ልብ ታነባለች የሚባልላት ሴት ናት።

የሳሎኑ ባለቤት ፕራብሊን በአክብሮት ቃላቸው በ“ጂ” እየጠራቻት የደንበኛ ካርድ ዘረጋችላት። «ኢንስፔክተር ጂ፣ ካርዱን አይቼ ነው የቀባሁት! ይኸው፣ ያንብቡት።»

ካርዱ «ናቭጆት ካውር፣ 31 ዓመት» ይላል። በቀለም ምክንያት አብጠው ያውቃሉ? አላውቅም። ቆዳ የሚያሳሳ የፊት ቅባት ይጠቀማሉ? ከሳምንት በፊት አቁሜያለሁ። የቆዳ ሙከራ፦ ሐሙስ፣ ከግራ ጆሮ ጀርባ፣ ንጹህ።

«ናቭጆት የሟች ምራት ናት» አለች ጃስዊር። «እኚህ ሴትዮ ሠላሳ አንድ ዓመት ይመስሉሻል?»

«ናቭጆትን በመልክ አላውቃትም። ሐሙስ ሙከራውን የሠራችላት ሌላዋ ሠራተኛዬ ናት። አንቲ ጂ ዛሬ በሻሽ ተሸፋፍነው ገቡና “ናቭጆት ነኝ” አሉኝ። ዓይናቸው መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው። እንዲህ አፍረው እያየኋቸው ዕድሜ መጠየቅ ከበደኝ።» ፕራብሊን አቀረቀረች። «ቀለም አሳብጦዎት ያውቃል ወይ ብዬ ግን ጠይቄያለሁ። “አይ” አሉኝ። የቅንድብ መንቀያ ክሩንም ሰሙንም አልፈለጉም፤ ቀለም ብቻ።»

ጃስዊር የሟችን ግራ ጆሮ ቀስ አድርጋ አጠፈች። ከጀርባው ምንም የለም።

«ለሙከራ የምትቀቡት ነጥብ ስንት ቀን ይቆያል?»

«ቢያንስ አራት ቀን። በሳሙናም አይለቅም።»

ከሰዓት በኋላ ጃስዊር ወደ ሟች ቤት ሄደች። ናቭጆት የሁለት ልጆች እናት ናት፤ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ሻርፗን ጆሮዋ ድረስ ጠቅልላ ተቀምጣለች። አማቷ አቶ ሞሂንደር ከሰል የመሰለ ጢማቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው፣ የሚስታቸውን መነጽር በእጃቸው ያገላብጣሉ።

«የዛሬው ቀጠሮ የኔ ነበር» አለች ናቭጆት። «ለባሌ ወንድም ሰርግ። ወደ እሁድ ተዛውሯል ተባልኩና ቀረሁ።»

«ማን አለሽ?»

ናቭጆት ወደ አቶ ሞሂንደር አየት አድርጋ መለሰች። «ቤት ተደውሎ ነው።»

«ሟቿ አማትሽ በሰው ሁሉ ፊት “ቅንድብሽ የተላጨ ዶሮ መስሏል” ብለውሻል አሉ።»

«ብለውኛል። ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን ማሚ ጂ ልጆቼን ያሳደጉልኝ ሴት ናቸው።»

ጃስዊር ፈገግ አለች። ምርመራውን ጨርሳለች።

በማግስቱ ሁሉንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ከመስታወቱ ውጭ ደግሞ ግማሽ ብራምፕተን አፍንጫውን ለጥፎ ቆሟል።

«አንደኛ፣» አለች ጃስዊር፣ «በካርዱ መሠረት ሐሙስ ከአንዲት ሴት ግራ ጆሮ ጀርባ ነጥብ ተቀብቷል። የሟች ጆሮ ንጹህ ነው። ስለዚህ የተሞከረው የሌላ ሰው ቆዳ ነው። ናቭጆት፣ ሻርፕሽን አንሺ።»

ናቭጆት ፊቷ ቀልቶ ሻርፑን ገለጠች። ምስር የምታክል ጥቁር ነጥብ ከግራ ጆሮዋ ጀርባ ተቀምጣለች። ከመስታወቱ ውጭ ጉርምርምታ ተነሣ።

«ሁለተኛ፣ ቀጠሮዬ ወደ እሁድ ተዛውሯል ትላለች። ፕራብሊን፣ እሁድ ትሠራላችሁ?»

«ኧረ ሳሎኑን ከከፈትኩ ጀምሮ እሁድ ዝግ ነው።»

«ይኸው ውሸቷ! ሦስተኛ፣ ቂም አላት። የአማቷ ፊት ቀለም እንደማይችል ታውቃለች፤ ባንድ ቤት እየኖሩ ይህ አይደበቅም። ንጹህ የተባለውን ካርዷን አውሳ ላከቻቸው። ከዚያ ዝም ብላ ጠበቀች።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ናቭጆት፣ ልጆችሽን ማን እንደሚይዝልሽ ከወዲሁ አስቢበት።»

«ኢንስፔክተር ጂ፣ እኔ...» አለች ናቭጆት። ሻርፑን መልሳ ፊቷን ሸፈነች።

አቶ ሞሂንደር ከጥግ ተነሡ። ድምፃቸው ለመስማት ሁሉም ትንፋሹን እስኪይዝ ድረስ ቀጭን ነበር።

«ልጄ ጃስዊር፣ ልጅቷ ላይ የፈረድሽው ልክ አይደለም።»

«እንዴት?»

«ከሳሎኑ ዓርብ ደውለው የቅዳሜውን ቀጠሮ ሲያስታውሱ ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ ሥራ ላይ ነበረች። ለሚስቴ ነገርኳት። “በሷ ስም እኔ ልሂድ፤ አንድም ፀጉር አላስነካም፤ ቅንድቤ ሸብቶ ፎቶ ላይ እንዳይታይ፣ ለልጄ ሰርግ ብቻ” አለችኝ። ናቭጆትን ወደ እሁድ ተዛውሯል ብዬ የዋሸኋት እኔ ነኝ። እሁድ ዝግ መሆኑን በምን ልወቅ?»

ናቭጆት ሻርፑን ከፊቷ ላይ አወረደች። «ፓፓ ጂ!»

«ቀለም እንደሚያሳብጣቸውስ ማን ያውቅ ነበር?» አለች ጃስዊር።

አቶ ሞሂንደር ጢማቸውን ያዙ። ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ጢማቸው ግን አንድም ሽበት የለውም። ቅንድብ አይታ ልብ የምታነበው ሴት ይህን ያየችው ገና አሁን ነበር።

«አምና ቅንድቧን እኔው ቀባኋት፤ ጢሜን በምቀባው ቀለም። ፊቷ አብጦ ሦስት ቀን ከቤት አልወጣችም። እርጎ እየቀባኋት ለሰው ጉንፋን ነው አልን። ሽበት መቀባት በሃይማኖታችን ነውር ነውና፣ ጢሜን እንደምቀባ እንዳይታወቅብኝ ሐኪም ቤት እንኳ አልወሰድኳትም።» መነጽሩን ደንበኞች ካርድ የሚሞሉበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። «ትናንት ያመጣኋት እኔ ነኝ። እበሩ ላይ፣ መኪናው ውስጥ ሆና “አብጠሽ ታውቂያለሽ ወይ ቢሉኝ ምን ልበል?” አለችኝ። “አይ” በዪ ያልኳት እኔ ነኝ።»