የሎቲው ድምፅ

ከድሮ የሚሉት ጎረምሳ የሙባሪክን ኮሌታ ጨምድዶ ከሚኒባሱ ጎን ጋር አጣበቀው። ወልቂጤ መናኸሪያ ገና መውረዳቸው ነበር። የሙባሪክ ከንፈር ተሰንጥቆ ደሙ አገጩ ላይ ይወርዳል። ረዳቱ «አቦ ከመኪናዬ ራቅ በሉልኝ» ከማለት በቀር ሊገላግል የሞከረ ሰው የለም።

«ጠገራ፣ ጠገራ ትለኛለህ» አለ ከድሮ ጥርሱን ነክሶ። «ዕድሜዬን የፈረሰ ቤት ስር ስቆፍር ልኑርልህ? ወርቅ ነው ያልኩህ።»

«ሁለቱንም የሚያገኝ ማሽን እንገዛለን ተባብለን አልነበር?» አለ ሙባሪክ። ድምፁ የትንሽ ልጅ ሆኖ ነበር።

ሰልሚያ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ታያለች። እሷ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ሙባሪክ ታላቅ ወንድሟ ነው። ሲመታ ስታይ የመጀመሪያዋ አይደለም። ከድሮ እንግዲህ የሙባሪክ ጓደኛ ነው፤ ጓደኛ ከተባለ። ቡታጅራ ውስጥ ከእሱ ጋር ተጣልቶ ፊቱ እንደነበረ የቀረ ሰው የለም።

ሁለቱ ያጠራቀሙትን አዋጥተው መሬት ውስጥ የተቀበረ ብረት የሚፈልግ ማሽን ሊገዙ ነው የመጡት። የሙባሪክ ሐሳብ ቀላል ነው። እዚያው ቡታጅራ ዙሪያ፣ መስቃን ውስጥ፣ ድሮ ገበያ የቆመባቸው ሜዳዎች አሉ፤ ባለመሬቶቹን አስፈቅዶ ማሽኑን እያዞረ ጠገራ የሚባለውን የድሮ የብር ገንዘብ ይለቅማል፣ ማታ ቤቱ ይገባል። ከድሮ ደግሞ ወርቅ ወደሚቆፈርበት ሀገር ካልሄድን ሞቼ እገኛለሁ ባይ ነው። ሰልሚያን ያመጧት ስለ ማሽኖቹ የሚያወራውን ቪዲዮ ሁሉ አይታ የጨረሰችው፣ እንግሊዝኛውንም የምታነብላቸው እሷ ስለሆነች ነው።

ወርቅ ሲባል ግን ሰልሚያ የሚታያት ከማሉ ነው። የአጎቷ ልጅ ከማሉ አምና በዚሁ በከድሮ ምላስ ተታልሎ ሄዶ ነበር። በወርቅ ጉድጓድ ከሌሎች ቆፋሪዎች ጋር ተጣልቶ በገጀራ ቆራርጠው ገደሉት። ሬሳው በሸራ ተጠቅልሎ በአይሱዙ ነው የመጣው። ሸራው ሲገለጥ ሰዎች እናቱን ቀድመው ከለሏት፤ ሰልሚያን የከለላት ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሥጋ ቤት በር ላይ ማለፍ አትችልም፤ ዞራ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው።

ሻጩ ጋሽ ፍቅሩ ይባላሉ። ፓምፕና ጄኔሬተር የሚጠግኑ፣ ጥፍራቸው ከግራሶ ተለይቶ የማያውቅ ግዙፍ ሰው ናቸው። ሁለት ያገለገሉ ማሽኖች ግቢያቸው ውስጥ ግድግዳ ላይ አስደግፈው ጠበቋቸው። የሙባሪክን ከንፈር ሲያዩ ምንም ሳይጠይቁ ውሃ በጆግ አመጡለት።

«ይሄ ትልቁ የወርቅ ነው» አሉ። «ጤፍ የምታክል ወርቅ አታመልጠውም። ግን ምስማርም ይሁን ቆርኪ ለሁሉም እኩል ነው የሚጮኸው። የድሮ ገበያ ላይ ይዛችሁት ብትገቡ ቆርኪ ስትቆፍሩ ነው የምትውሉት።»

ከድሮ ብድግ አደረገው። ዋጋው ሲነገረው መልሶ አስቀመጠው። ያላቸውን ሁሉ ቢያራግፉም አይደርሱበትም።

«ለሁለቱም ካላችሁ ትንሹ ነው የሚሆናችሁ» አሉ ጋሽ ፍቅሩ። «ብረት ሲያገኝ ድምፁ ወፍራም ነው፤ ብር ሲያገኝ ቀጭን፤ ትንሽ ወርቅ ደግሞ መሃል ላይ ነው። እንደ ትልቁ ጠልቆ አያይም፣ አልዋሻችሁም። ድምፅ ማጉያውም ሞቷል፤ በማዳመጫ ብቻ ነው የሚሰማው።»

«ወርቅ እንደሚይዝ ማልልኝ» አለ ከድሮ።

«እኛ አንምልም ወንድሜ» አሉ ፈገግ ብለው። «ጌታ አትማሉ ብሎናል። ይይዛል ካልኩህ ይይዛል።»

ከድሮ ፊቱን አጨማደደ። በእሱ ዓለም አንድ ሰው እውነት ከያዘ ወላሂ ለማለት ምን ይገደዋል? «እሺ እንሞክረዋ» አለ። «ሰልሚ፣ ሎቲሽን አውልቂ። ወርቅ እንደሆነ አውቃለሁ።»

አንዱን ሎቲ አውልቃ ሰጠችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጋሽ ፍቅሩ ምስማር፣ ጠገራና ሎቲውን በሦስት ቦታ ቀብረው አፈር አለበሱና ጠሯት። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሲያደርጉላት የመንገዱ ጫጫታ ጠፋ። ማሽኑን ዝቅ አድርጋ መጥረግ ጀመረች።

መጀመሪያ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ መጣ። «ብር ነው» አለች። ሙባሪክ በተሰነጠቀ ከንፈሩ ሳቀ። ቀጥሎ ወፍራሙ መጣ። «ብረት» አለች። ሦስተኛው ቦታ ላይ ስትደርስ ድምፁ ልክ መሃል ላይ፣ አጭርና ግልጽ ሆኖ ተሰማት። ማሽኑ ሎቲዋን አግኝቷታል።

ሰልሚያ ማሽኑን እዚያው ላይ አቆመችው። ወርቅ ይይዛል ካለች ሙባሪክ በሳምንቱ ከድሮን ተከትሎ ይሄዳል፤ ቀጥሎ የሚመጣው አይሱዙው ነው። አይይዝም ካለች ግን ከድሮ ተናዶ ድርሻውን ይዞ ይሄዳል፣ ሙባሪክም እዚያው መስቃን ጠገራውን ይለቅማል። ደግማ ጠረገችው። ደግሞ ጮኸ። ከእሷ በቀር የሰማ የለም።

«እዚህ ጋ ምንም የለም» አለች።

«ደግመሽ» አለ ከድሮ።

«ምንም የለም አልኩህ።»

ጋሽ ፍቅሩ ግራ ገባቸው። «ይሄማ አይሆንም። እስቲ እኔ ልስማው የኔ ልጅ» ብለው እጃቸውን ወደ ማዳመጫው ዘረጉ። ሰልሚያ ደንግጣ ወደ ኋላ ሸሸች፤ ማዳመጫውንም በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ጫነችው። መሸሿ ነገሩን ሁሉ አበላሸው።

«ልጅቷን ምን አባክ ትነካታለህ?» አለ ከድሮ። ቡጢው ከቃሉ ቀድሞ ነው የደረሰው፤ የጋሽ ፍቅሩ መነጽር ተሰብሮ ወደቀ። «ለዚህ ነዋ አልምልም ያልከው» እያለ ደገማቸው። እሳቸውም የዋዛ አልነበሩም። ደረቱን ይዘው ወርውረው ከግድግዳው ጋር አላተሙት። ከድሮ አፉን ጠርጎ ተነሳና ሙባሪክን አየው።

«ምን ይገትርሃል? ያዘው።»

ሙባሪክ ያዛቸው። ሰልሚያ ዓይኗን ማመን አቃታት። ሰው ገፍቶ የማያውቀው ሙቤ ከኋላ ገብቶ የሰውየውን ሁለት ክንድ ጠምዝዞ ያዘ። ከድሮ የአካፋ እጀታ አንስቶ ጎናቸውን መታቸው፣ ጉልበታቸውን መታቸው፣ እንደገና ጎናቸውን መታቸው። ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ ስለሆነ የእንጨቱ ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ነበር። የሰውየው አፍ ሲከፈት ታያለች፣ ጩኸቱ ግን አይሰማትም። ማዳመጫውን አውልቃ ስትወረውረው ሁሉም በአንድ ጊዜ ተሰማት።

«ሰምቼዋለሁ» ብላ ጮኸች። «ሎቲውን ሰምቼዋለሁ፤ ዋሽቼ ነው። ተዋቸው።»

እጀታው አየር ላይ ቆመ። ከድሮ መጣና በጥፊ አጮላት፤ ወድቃ አፈር ቃመች። ሙባሪክን ቀና ብላ አየችው። ሙባሪክ መሬት መሬቱን ያይ ነበር፤ ጋሽ ፍቅሩን አሁንም እንደያዘ ነው። ከድሮ ማዳመጫውን አንስቶ ራሱ አደረገና ማሽኑን ሦስተኛው ቦታ ላይ አዞረው። ፊቱ ቀስ ብሎ ፈካ።

«ይሰራል ባክህ» አለ እየሳቀ። «ልቀቀው በቃ።»

ጋሽ ፍቅሩ ሲለቀቁ ተንበርክከው ወደቁ። ከድሮ የማሽኑን ዋጋ አውጥቶ አጠገባቸው አስቀመጠ። አዎ፣ ከፈላቸው። ከዚያም ጎንበስ ብሎ «ቤትህን አውቀዋለሁ፤ ሚስትህም እንዳለች አውቃለሁ» አላቸው። ማሽኑን በትከሻው አድርጎ ወጣ።

«ሰልሚ፣ ነይ እንሂድ» አለ ሙባሪክ ከበሩ ላይ።

«አልሄድም።»

«መኪናው ያመልጠናል።»

«ያምልጠኛ» አለችው።

ዘወር ብሎ ከድሮን ተከትሎ ሄደ።

ሰልሚያ ባጃጅ ጠርታ ከጎረቤት ጋር ተጋግዘው ጋሽ ፍቅሩን ሆስፒታል አደረሷቸው። ሦስት የጎን አጥንታቸው ተሰብሯል። ባለቤታቸው ማርታ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ጠመኔ ከእጇ ሳይለቅ እየሮጠች መጣች። «ማነው? ማን ነው እንዲህ ያደረገህ?» እያለች ብትለምናቸው «ገዢዎች ናቸው፤ አላውቃቸውም» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሰልሚያ ገባት። ለማርታ ፈርተው ነው።

ማርታ ወደ እሷ መጥታ በብርጭቆ ውሃ ሰጠቻት። «ያመጣሽልኝ አንቺ ነሽ አሉ። ተባረኪ የኔ ልጅ» ብላ ጉንጯን ሳመቻት፤ ጥፊው ያረፈበትን። ሰልሚያ መሬት ብትውጣት በወደደች።

ስልኳ ጮኸ። ሙባሪክ ነው፤ ከጀርባው የመኪና ድምፅ ይሰማል። ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

«ወደ ቡታጅራ መንገድ ላይ ነን፤ አገና ልንደርስ ነው» አላት። «ሰልሚ፣ ለማንም እንዳትተነፍሺ፣ በአላህ። ነገ በጠዋት ወደ ወርቁ ሀገር እንሄዳለን። እማን አንቺ አጽናኚልኝ።»

«ለምን ያዝካቸው?»

«እማን አደራ» አላት መልሶ።

«ውሃ የሰጡህን ሰው ለምን ያዝካቸው ሙቤ?»

«ያዘው አለኝ።»

ሰልሚያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ግድግዳውን ተደገፈች። ሁልጊዜ የምትፈራው ወንድሟን በሸራ ተጠቅልሎ እንዳታየው ነበር። ከማሉንም በገጀራ ሲመቱት ከኋላ የያዘው ሰው ይኖር ይሆናል። ያ ሰውም እህት ይኖረው ይሆናል፤ ስለ እሱ ስትሰጋ የምታድር። ይሄን አስባው አታውቅም ነበር። እንባዋ መጣ፤ ለማንኛቸው እንደምታለቅስ ራሷም አላወቀችም። ስልኩን ዘጋችው።

ስትመለስ ሆስፒታሉ የጠራው ፖሊስ ከጋሽ ፍቅሩ አልጋ አጠገብ ቆሟል። ምንም ያልጻፈበትን ደብተሩን ከደነ። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ አገኛት።

«አንቺስ? ስትገቢ ስትወጪ አያለሁ። የማን ነሽ?»

ጋሽ ፍቅሩ ከአልጋው ላይ ራሳቸውን ነቀነቁላት፤ ተይ ማለታቸው ነው። ማርታ በተስፋ ታያታለች።

«ጋሽ ፍቅሩ አልዋሹም» አለች ሰልሚያ። «ማሽኑ ወርቅ ይይዛል። አይይዝም ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ጠቡም በዚያ ነው የተነሳው።»

ማርታ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«የመታቸው ከድሮ ይባላል፣ የቡታጅራ ልጅ ነው» ብላ ቀጠለች። ፖሊሱ ደብተሩን ገለጠ። ሰልሚያ እስኪጽፈው ቆየችና ጨመረች። «የያዛቸው ሙባሪክ ነው። ሙባሪክ የእናቴ ልጅ ነው። አሁን ብትደውሉ አገና ላይ ትደርሱባቸዋላችሁ።»