«አስሬዋለሁ»

በዚያ ጠዋት ቢቸና ውስጥ ከአምባቸው የበለጠ የተደሰተ ሰው ነበር ቢባል ማን ያምናል? ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ ኖሯል። ሚስቱ መምህርት ይርገዱ ሞጣ ተመድባ እዚያ ታስተምራለች፤ እሱ ደግሞ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የጭነት መኪና ሾፌር በመሆኑ ከሰባት ዓመት ልጃቸው ከውበቴ ጋር ቢቸና ቀርቷል። አሁን ግን፣ በ1972 ዓ.ም. በጳጉሜን፣ የእሱም ዝውውር ተፈቀደ! ደግሞስ ባዶ እጁን መች ይሄዳል? የሞጣ ሴቶች ለዓመታት ሲጠይቁ የኖሩትን ወፍጮ፣ ከነትልቅ ሞተሩና ለቤቱ መሥሪያ ከሚሆነው ሲሚንቶ ጋር፣ መቶ ኩንታል ያህል ተሳቢው ላይ ጭኗል። ከዋናው መኪና ላይ የራሱ አልጋ፣ የራሱ ሳጥን፣ የራሱ ጠረጴዛ አለ። ይርገዱ የላከችው ደብዳቤ በኪሱ ነው፤ መጨረሻው ላይ «መጋረጃውን እንዳትረሱ» ይላል።

ይርገዱ ለዕረፍት ቢቸና ስትመጣ ቤት ውስጥም አስተማሪ ነበረች። ውበቴ ገና ፊደል ሳትጨርስ ሰዋስው አስጀምራታለች። «ባለቤቱን ስትፈልጊ ‹ማን?› ብለሽ ጠይቂ፤ ተሳቢውን ስትፈልጊ ‹ምንን?› በይ» ትላታለች። አምባቸው ይህን ሲሰማ ይስቃል። «እንግዲህ ባለቤትሽ እኔ፣ ተሳቢውም የኔ። ምን ቀረ?» ይላታል። «ማሰሪያው! እሱ እኔ ነኝ» ትለዋለች። ውበቴ ከዚያ ወዲህ ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር «ምንን?» ማለት ጨዋታዋ ሆነ። «በላሁ» ቢሏት «ምንን?»፤ «አየሁ» ቢሏት «ምንን?»

መኪናውን የሚጠግነው የአምባቸው ታናሽ ወንድም ኃይለ ጊዮርጊስ ነው። ባለፈው ሳምንት ለተሳቢው ፍሬን አየር የሚያደርሰው ላስቲክ ተቀዶ ‹ሽሽሽ› ማለት ጀምሮ ነበር። አምባቸው በዋዜማው ሁለት ነገር አዘዘው፤ ላስቲኩን በአዲስ እንዲቀይር፣ ወፍጮውንም በሰንሰለት እንዲያስር። አዲስ ላስቲክ ግን ከየት ይምጣ? መለዋወጫው ከአዲስ አበባ አልደረሰም። ኃይለ ጊዮርጊስ ወንድሙ ጉዞው ቀረ ብሎ እንዳያዝን ሰጋ… ላስቲኩን አጥፎ ከአሮጌ ጎማ ውስጥ በወጣ የካመራዳሪ ቁራጭና በሽቦ ጠፍንጎ አሰረው። አየሩ መፍሰሱን አቆመ። ነገር ግን ወደ ተሳቢው መድረሱንም አቆመ!

ጠዋት ጎረቤት ሁሉ ለመሸኘት ወጥቷል። ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፤ ሴቶች እልል ይላሉ። አምባቸው በጋቢናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ፣

«ኃይሌ! ተሳቢውስ?» አለ።

«አስሬዋለሁ፣ ጋሼ!»

«ምንን?» ብላ ጮኸች ውበቴ ከአባቷ ጎን።

ሁሉም ሳቁ። አምባቸው ጉንጯን ቆነጠጣት፤ ኃይለ ጊዮርጊስም እየሳቀ ዘሎ ገባ። ማንም አልመለሰላትም። አምባቸው ስለ ወፍጮው ሰንሰለት የተነገረው መሰለው፤ ‹ሽሽሽ› የሚለው ድምፅም ስለጠፋ ላስቲኩ ተቀይሯል አለ በልቡ። ኃይለ ጊዮርጊስ ደግሞ ‹ላስቲኩን ማሰሬ ገብቶታል፣ በዝግታ ይነዳል› አለ። አምባቸው ሁልጊዜ ከመነሳቱ በፊት መቶ ሜትር ያህል ሄዶ፣ ፍሬን ይዞ፣ ተሳቢው ወደ ኋላ ሲጎትተው ካልተሰማው ከከተማ አይወጣም ነበር። ያን ቀን ግን በእልልታ መሐል እንዴት ይቁም? ወይ ደስታ! እንዲህም ያታልላል?

እስከ ጉንደ ወይን መንገዱ ደህና ነበር። ከዚያ አልፈው ቁልቁለቱ ሲጀምር አምባቸው ፍሬኑን ረገጠ። ዋናው መኪና ያዘ፤ ተሳቢው ግን ከኋላ መጥቶ ገፋው። በዝናብ የራሰው ጠጠር ከጎማው ሥር ይንሸራተታል። እንደገና ረገጠ። መቶው ኩንታል እንደገና ገፋ!

«ተሳቢው አልያዘም! ኃይሌ፣ አስሬዋለሁ አላልከኝም?»

«ላስቲኩን ነው ያሰርኩት… ላስቲኩን ነው፣ ጋሼ!»

አምባቸው ፊቱን አዙሮ ወንድሙን አንድ ጊዜ አየው። አልተቆጣም። ከታች፣ ከድልድዩ ላይ፣ ገበያተኞች ከነአህዮቻቸው ግጥም ብለዋል።

«ልጄን ይዘህ ዝለል።»

«ጋሼ አንተስ?»

«ዝለል አልኩህ!»

ኃይለ ጊዮርጊስ ውበቴን ደረቱ ላይ አጣብቆ ወደ ጭቃው ተወረወረ። አምባቸው መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዘ። ጋቢናው ድንጋዩን ሲመታ ተሳቢው ዞሮ መጥቶ በላዩ ላይ ተጫነ… ገበያተኞቹ ተረፉ። እሱ ግን፣ ሚስቱን ሊያገኝ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ ያልቀረው እሱ፣ እዚያው ቀረ።

ሞጣ ላይ ይርገዱ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ከመስኮቱ ራስጌ ሁለት ምስማር መትታ ትጠብቅ ነበር። በሩ ሲንኳኳ እየሳቀች ከፈተች። ውበቴ በማታውቃቸው ሰዎች መሐል ቆማለች፤ ከብርዱ ለመከላከል ትከሻዋ ላይ የጣሉላት ጨርቅ መጋረጃው ነበር።

«እማዬ፣ መጋረጃውን አልረሳነውም» አለቻት።

ሞት ብቻውን መች ይመጣል? የማኅበሩ ኮሚቴ ‹ሾፌሩ በፍጥነት ነድቶ የሕዝብ ንብረት አውድሟል› ብሎ ጻፈ። ሰው ያዳነው አምባቸው በየስብሰባው ስሙ በክፉ ተነሣ። ይርገዱ አላለቀሰችም፤ ተማሪዎቿ ፊት ጠመኔ ይዛ ቆመች። ‹ባለቤት› የሚለውን ቃል ግን ሰሌዳው ላይ መጻፍ አቃታት። ኃይለ ጊዮርጊስም እውነቱን እያወቀ ዝም አለ። እስር ቤት ፈራ! የወንድሙን ስም በአፉ ውስጥ ቀበረው።

የአርባው ተዝካር በወጣ ማግስት ግን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ተገኘ። ከስቷል።

«እትዬ፣ ጋሼን የገደልኩት እኔ ነኝ። አስሬዋለሁ አልኩት…»

ይርገዱ ጠጋ አለችው። ከዚያ በዝቅተኛ ድምፅ፣

«ምንን?» አለችው።

ከተሰባበረው መኪና ነቅሎ የደበቀውን፣ በካመራዳሪ የተጠፈነገውን ላስቲክ ከጉያው አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣት። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የጮኸችው! ላስቲኩን በጥርሷ ጭምር እየታገለች ልትፈታው ሞከረች፤ ቋጠሮው ግን እምቢ አላት። ኃይለ ጊዮርጊስ እግሯ ላይ ወደቀ።

«ተነሥ» አለችው በመጨረሻ። «ልጄን ደረትህ ላይ ይዘህ የዘለልክም አንተ ነህ። ነገ ግን ለእኔ የነገርከውን ለኮሚቴዎቹ ትነግራለህ።»

ነገራቸው። የአምባቸው ስም ጸዳ፤ ኃይለ ጊዮርጊስም ሁለት ዓመት ተፈረደበት። በየሳምንቱ ስንቅ የምታመላልስለት ይርገዱ ነበረች፤ ውበቴም አብራት ትሄዳለች።

ሲፈታ ቢቸና አልተመለሰም። ከጉንደ ወይን ማዶ፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ አንዲት ጎጆ ቀለሰ። ተሳቢ የሚጎትት መኪና ሲመጣ ከመንገዱ መሐል ይቆማል። ሾፌሮቹ «አቶ ምንን መጡ!» እያሉ ያሾፉበታል፤ አንዳንዱም ይሰድበዋል። እሱ ንቅንቅ አይልም።

«ተሳቢህ በራሱ ፍሬን ይይዛል?»

«አስሬዋለሁ ስልህ!»

«ምንን?»

ሾፌሩ እየተነጫነጨ ይወርድና ላስቲኩን ያሳየዋል፤ ፍሬኑንም ይሞክርለታል። ኃይለ ጊዮርጊስ ጎማው ሲያዝ በዓይኑ ካላየ መንገድ አይለቅም። ወፍጮው ተጠግኖ ዛሬ ሞጣ ላይ ይፈጫል፤ ይርገዱም ድምፁን በሰማች ቁጥር ማስተማሯን ለአፍታ ታቆማለች። ዕጣ ፈንታ ነው እንበል? ምናልባት። ነገር ግን ዕጣ ፈንታ በዚያ ጠዋት ለመቆም አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትበቃው፤ እሷንም አንዲት ሕፃን ጮክ ብላ ጠይቃ ነበር… እኛ ሸኚዎቹ ሳቅን እንጂ!