የመጀመሪያው ቁራጭ

ቺዝ ሠሪው እንደሚለው ጥፋቱ የማሽኑ ነው። የወተቱን ቅባት በግፊት የሚያደቅቀው አዲሱ ማሽን ግፊቱ ስለበዛ ቺዙ ጎማ ሆኖ ወጣ።

መካኒኩ እንደሚለው ማሽኑ ጤነኛ ነው። የረጋው ወተት ገንዳው ውስጥ ከሚገባው በላይ ሞቆ አጓቱን ሁሉ ስለተፋ ቺዙ ጎማ ሆኖ ወጣ።

የተስማሙት ጎማ በመሆኑ ላይ ብቻ ነበር።

የፋብሪካዋ ባለቤት የቺዝ ሠሪው አክስት ናቸው፤ ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል። ቁራጩን አላምጠው አላምጠው በሶፍት ተፉት።

«ይሄን የበላ ሰው ጥርሱን እኛ ልናሳክምለት ነው? ነገ አራት ሰዓት ላይ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እሰማለሁ። የማሽኑ ከሆነ ማሽኑም ባለማሽኑም ይሄዳሉ።»

ቅባቱ የተቀነሰ ቺዝ አስቸጋሪ ነው። ቅባቱ ሲወጣለት ድርቅ ይላል። ለስላሳ እንዲሆን ውሃው ውስጡ መቅረት አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ገንዳው ከሠላሳ አምስት ዲግሪ ማለፍ የለበትም። ይህን ከቺዝ ሠሪው የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

ይህ ቺዝ በተሠራበት ቀን፣ ከስድስት ሳምንት በፊት ግን አልፏል።

በፋብሪካዋ አንድ ልማድ ነበር። ቺዝ ሲከፈት የላብራቶሪዋ ልጅ የመጀመሪያውን ቁራጭ ትቆርጥና በቢላው ጫፍ ለሠራው ሰው ትዘረጋለች። ሦስት ዓመት ሙሉ የዘረጋችው ለእሱ ነው። እሱም ዓይኗን እያየ ያላምጥና «ጥሩ ነው» ይላል። በሦስት ዓመት ውስጥ የነገራት ትልቁ የፍቅር ቃል ይኸው ነበር።

ከዚያ መካኒኩ ከአዲሱ ማሽን ጋር መጣ። ሲራመድ ኪሱ ውስጥ ብሎን ስለሚንቀጫቀጭ ስሙን «ብሎን» አሉት። ሳቂታ ነው።

ላብራቶሪውን ከገንዳዎቹ የሚለየው መስታወት ነው። በዚያ ቀን ቺዝ ሠሪው አራተኛው ገንዳ አጠገብ፣ እጁን የእንፋሎቱ ቫልቭ ላይ እንዳደረገ ቀና ሲል፣ ልጅቷ እሱ ቀደም ብሎ ለሙከራ የሠራውን ቺዝ ስትከፍት አያት። ቆረጠች። ቢላውን ዘረጋች፤ ለብሎን። ብሎን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠና የሆነ ነገር አላት። እሷም ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ከእኔ ጋር እንዲህ ስቃ ታውቃለች?» አለ ለራሱ።

ቫልቩ ትዝ ሲለው የሙቀት መለኪያው መርፌ አርባ አንድ ላይ ነበር።

ማታ የቀኑን የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት አጥፎ ጋዎኑ ኪስ ውስጥ ከተተው። ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ ጋዎኑ በታጠበ ቁጥር ወረቀቱን ወደ ሌላው ጋዎን ሲያዛውር ኖረ።

እትዬ ቁራጩን በተፉበት ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ቺዞቹን ሲያገላብጥ የላብራቶሪዋ ልጅ ገባች።

«የአራተኛው ገንዳ ወረቀት ፋይሉ ውስጥ የለም።»

«ጠፍቶ ይሆናል።»

«አንተ እኮ እስክሪብቶ እንኳ ጠፍቶብህ አያውቅም።»

«እንግዲህ ብሎንን ጠይቂው። አሁን የሚቀምሰው እሱ አይደል?»

እጇን ጋዎኗ ኪስ ውስጥ ከታ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ነገሩ እሱ ነው?»

«የመጀመሪያው ቁራጭ የእኔ ነበር።»

«ለምን ለእሱ እንደሰጠሁት ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«ስትስቂ አይቻለሁ። ይበቃኛል።»

«ያለኝን ግን አልሰማህም። ‹ይሄ የጠርሙስ ክዳን ነው፤ ያውም የመድኃኒት› አለኝ። ሳቅሁና የውጤት መዝገቡ ላይ ጻፍኩት። አንተ ብትሆን ምን ትለኝ ነበር?»

ቺዝ ሠሪው አንዱን ቺዝ አንስቶ ገለበጠ።

«‹ጥሩ ነው!› አንተ መች ቺዙን ትቀምሳለህ? እኔን እያየህ ነው የምታላምጠው። ሳሙና ባጎርስህ ጥሩ ነው ትላለህ።»

ክፍሉ እንደዚያ ቀዝቅዞ የእሱ ፊት ጋለ። «ታውቂ ነበር?»

«ዕውር ነኝ እንዴ? ቢላውን ስዘረጋልህ እጄ የሚንቀጠቀጠው ከብርዱ ይመስልሃል?»

የያዘውን ቺዝ መደርደሪያው ላይ መለሰው።

«ብሎንስ?» አለ።

«ሲኒማ እንሂድ ብሎኛል። አስብበታለሁ ብዬዋለሁ።» በሩን ከፈተች። «ጨዋ ሰው ነው። ባላጠፋው ጥፋት ከተባረረ፣ አንተን ቀና ብዬ የማይበት ዓይን የለኝም።»

ወረቀቱን ስጠኝ አላለችውም።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ እትዬ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ብሎን አንድ ብሎን በጣቶቹ መሃል ያሽከረክራል፤ አይስቅም። የላብራቶሪዋ ልጅ ቢላዋን ይዛ ቆማለች።

ቺዝ ሠሪው ወረቀቱን አውጥቶ ዘረጋው። መስመሩ ተራራ ሠርቶ አርባ አንድ ላይ ወጥቷል።

«ማሽኑ ጤነኛ ነው። ገንዳውን ያጋልኩት እኔ ነኝ፤ ወረቀቱን የደበቅኩትም እኔ። ብሎን፣ ይቅርታ አድርግልኝ።»

እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንተ ልጅ፣ ያን ጊዜ ምን እያየህ ነበር?»

«መስታወቱን።»

«መስታወቱን!» አሉ እትዬ፤ ዓይናቸው ወደ ልጅቷ ሄዶ ተመለሰ። «በል እንግዲህ፣ የአራተኛው ገንዳ ቺዝ እስኪያልቅ ምሳህ እሱ ነው።»

«እሺ። የአምስተኛውን ገንዳ ቺዝ ከብሎን ጋር በሠላሳ አምስት ዲግሪ እሠራዋለሁ። ሲከፈት ግን የመጀመሪያውን ቁራጭ እሱ ይቅመስ። የእኔ ምላስ ለእውነት አይሆንም።»

ልጅቷ ቢላዋን በጨርቅ ጠርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ጣቶቿ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ክፍሉ ደግሞ ሞቃት ነው።

«ብሎን፣ አስብበታለሁ ያልኩህን አስቤያለሁ» አለች። «የመጀመሪያው ቁራጭ ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው። ሲኒማ የምሄደው ግን ከእሱ ጋር ነው።»